አባትሽ ጡረታ ሳይወጡ ማኅደራቸው ይታይ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። አባትሽ 34 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው ጥር ላይ 60 ይሞላቸዋል፤ ስንት ይደርሳቸዋል? የቤት እመቤት የሆኑት እናትሽ የራሳቸው ድርሻ አላቸው ወይ? አባትሽ በሥራ ላይ ወድቀው እጃቸው ተጎድቷል፤ ለእሱስ የሚከፈል አለ? እኔ አራት ኪሎ ነው ያደግኩት። የአባዬን ጡረታ ተመላልሼ ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሲያርፍም የእማዬን ጉዳይ ይዤ ዞሬያለሁ።

ስሌቱ ብዙ አያስቸግርም። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። ለ10ሩ ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለአባትሽ 24 ዓመት ሲታሰብ 30 በመቶ ይጨመራል፤ በድምሩ 60 በመቶ። አማካይ ደመወዛቸው 12,000 ብር ቢሆን 7,200 ብር ይሆናል ማለት ነው። የሚታሰበው ግብር ሳይነሳለት ያለው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገባበትም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ 34 ዓመት ያልሽው በማን ቆጠራ ነው? አባዬ 31 ዓመት አገልግያለሁ ብሎ አምኖ ነበር። ማኅደሩ ሲከፈት የተገኘው 25 ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት የሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሲዛወር የቅጥር ደብዳቤውና የደመወዙ ማስረጃ አብረውት አልመጡም። ስድስት ዓመት ማለት 7.5 በመቶ ነው፤ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ሄድን። መጀመሪያ ቀን "የድሮ ፋይል የለም" ተባልን፤ ሁለተኛ ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዘነችልንና ምድር ቤት ወርዳ የዚያን ዘመን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ (ፔሮል) አወጣችልን፤ የአባዬ ስም ከነጡረታ መዋጮው ተጽፎ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት፤ እሷ ባትኖር ስድስቱ ዓመት ቀልጦ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አባትሽ አሁኑኑ፣ ገና ደመወዝተኛ ሳሉ፣ የሰው ሀብት ክፍል ገብተው ማኅደራቸውን ይጠይቁ። ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ማስረጃ መፈለግ ልፋቱ እጥፍ ነው።

የልደት ቀናቸውንም ይዩ። የሚሠራው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞሉት ነው። አባዬ ሲቀጠር ዕድሜውን ሁለት ዓመት ጨምሮ አስመዝግቦ ነበር፤ የክርስትና ካርዱን ይዞ ቢቀርብም አልተቀበሉትም። እናንተ ጥር ትላላችሁ፤ ፎርሙ ምን እንደሚል አረጋግጡ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። አባትሽ በሕይወት እስካሉ ድረስ ለሚስት ተብሎ የሚከፈል የተለየ አበል የለም። ባል ሲሞት ነው ሚስት ተተኪ የምትሆነው፤ ድርሻዋም እሱ ያገኝ የነበረው ግማሽ፣ 50 በመቶ ነው። ከላይ ባልኩት ስሌት 3,600 ብር ይሆናል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል፤ የሁሉም ተተኪዎች ድምር ግን የሟቹን አበል አያልፍም። ተተኪነት ከወራሽነት ይለያል። ታላቅ ወንድሜ የ30 ዓመት ሰው ሆኖ "እኔም ልጁ ነኝ" ብሎ ከእማዬ ጋር ተቀያየመ። የቤትና የንብረት ወራሽ ነው፤ ለጡረታው ግን ተተኪ አይደለም። ይህን ከቀብር በፊት ብናውቀው ኖሮ ያ ሁሉ ቅያሜ ባልመጣ።

እማዬ ያስቸገራት ሚስት መሆኗን ማስረዳት ነበር። እሷና አባዬ በሽማግሌ ነው የተጋቡት፣ ወረቀት አልነበራቸውም። የቤተሰብ ሕጉ በባህል የተፈጸመ ጋብቻንም ያውቃል፤ ማስረጃው ግን ይጠየቃል። ምስክር ፍለጋ ስወጣ ሠርጉን ያዩት የፒያሳ ጎረቤቶቻችን ሰፈሩ በ2016 ሲነሳ ተበትነዋል። አንዷን የካ፣ አንዱን ቦሌ ለሚ አገኘኋቸው፤ እድራቸው እንኳ ፈርሶ ነበር። ሦስት ወር ፍርድ ቤት ተመላለስን፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እማዬ አንድ ብር አልደረሳትም። እናትሽና አባትሽ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላቸው ሁለቱም በእግራቸው እየሄዱ ሳለ ወረዳ ያስመዝግቡ፣ ኮፒው ማኅደር ውስጥ ይግባ።

የአባትሽን የእጅ ጉዳት በተመለከተ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትና ከሥራ ጋር ያልተያያዘ የጤና ጉድለት ይለያያሉ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል፤ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ሰውየው መሥራት ካልቻለ የደመወዙ 47 በመቶ የጉዳት ጡረታ ይሆንለታል። እንደ አባትሽ ሥራ ከቀጠለ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ነው፦ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። አጎቴ ደመወዙ 4,000 ብር ሳለ 25 በመቶ ተጎድቶ 28,200 ብር አግኝቷል። ያገኘውም አለቃው በዚያው ሰሞን የአደጋ ሪፖርት ስለጻፈለት ነው። የአባትሽ አደጋ በጽሑፍ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተመዘገበ የሕክምና ካርዳቸውን ከሆስፒታሉ አውጡና አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ስም ያዙ።

የግል ድርጅት ሥራ ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ የእነሱ አዋጅ 1268/2014 ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ከደመወዝ የተቆረጠው በእርግጥ ገቢ መደረጉን አልፎ አልፎ ይጠይቁ።

አንድ የረሳሁት፦ የእናትሽ ስም በመታወቂያቸው፣ በባንክ ደብተራቸውና በጋብቻ ወረቀታቸው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። እማዬ አንዱ ላይ በክርስትና ስሟ ተጽፋ ስለነበር ለዚያ ብቻ ሁለት ሳምንት ሄዷል። ማኅደሩን ካያችሁ በኋላ የጎደለውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ አራት ኪሎ ስለሆንኩ አብሬሽ ልሄድ እችላለሁ።