መልስ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጣሪያ ላይ ሶላር ከተገጠመ ቻርጅ ማድረግ ይቀራል ወይ?
ወንድሜ፣ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ዋናው ችግር ቦታ ነው። የትንሽ መኪና ጣሪያ ቢበዛ 2 ካሬ ሜትር ፓኔል ይይዛል። በቀትር ፀሐይ 400 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ከዋለ 2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ። በዚያ 10 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። ከለገሃር ፒያሳ ደርሶ መልስ ይበቃል፣ የቸርችልን ዳገት ጨምሮ።

ግን ሜክሲኮ ፎቅ ጥላ ሥር ካቆምካትስ? የፓኔሉ ሴሎች (ኃይል የሚያመነጩት ትንንሽ ክፍሎች) በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ጥላው አንዱን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ የሌሎቹም ኃይል ይወርዳል። ክረምቱን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ዋጋውም አይቀመስም። ላይትይር 0 የምትባለው ባለሶላር መኪና 250,000 ዩሮ ነበረች፤ ያመረታት የኩባንያው ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰረ። እኔ ብሆን ፓኔሉን የቤቴ ቆርቆሮ ላይ ሰቅዬ መኪናዋን ከዚያ ቻርጅ አደርጋለሁ።