ሆዱ ሞላ፣ ክብደቱ ግን አልጨመረም፦ የልጆች ምግብ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የሕፃናት አመጋገብ ነው። ከጎጃም ወላጆች የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ቡሬ፦ የ9 ወር ልጄ አጥሚቱን ጥርግ አድርጎ ይጠጣል፤ ኪሎው ግን አልጨምር አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ አጥሚቱ ቀጥኖ ይሆናል። የልጅ ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎው 30 ግራም ያህል ነው፤ 8 ኪሎ ከሆነ 240 ግራም። ቀጭን አጥሚት በግራም 0.4 ካሎሪ ቢኖረው ሆዱ ሞልቶም 100 ካሎሪ አላገኘም። 0.8 ቢሆን እጥፉን ያገኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ከጡት ሌላ በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ማንኪያውን ዘንበል አድርጊው፤ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል።

ሞጣ፦ ከቀጠነ አብዝቶ በልቶ አያካክሰውም?

መልስ፦ ይሞክራል። ልጆች ቀጭኑን በብዛት፣ ወፍራሙን በጥቂቱ እንደሚበሉ በጥናት ታይቷል። ግን አይሞላለትም፤ የቀኑ ሲደመር ወፍራሙን የበላው ይበልጣል። ስለዚህ «ገንፎውን ነካ ነካ አድርጎ ተወው» ብላችሁ ወደ ቀጭኑ አትመለሱ። ደጋግሞ ማብላትም ድምሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከ9 ወር ጀምሮ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ጡቱም አይቋረጥ።

ፍኖተ ሰላም፦ ሳወፍረው አልውጥ ይላል።

መልስ፦ ብቅል አለልሽ! ያልሻገተ የገብስ ብቅል አስፈጪ። ገንፎውን ወፈር አድርገሽ አብስይና አውርጂው፤ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረሽ አማስዪ። ብቅሉ ገንፎውን የሚያወፍረውን የዱቄቱን ስታርች ስለሚሰባብረው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ውሃ ስላልጨመርሽ ካሎሪው አይቀንስም። ከዚያ መልሰሽ አፍይው፤ ጥሬ የብቅል ዱቄት ጀርም አያጣውም።

ደጀን፦ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ቅቤ ይሻላል ዘይት? በጾምስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም ይሆናሉ። ስብ በግራም 9 ካሎሪ ሲሰጥ ዱቄት 4 ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ያህል ይጨምራል። ግን አያብዙት፤ ዘይት ፕሮቲንም ብረትም የለውም። እንቁላል፣ የባቄላ ወይም የአተር ዱቄት ያስገቡበት። ጾሙ ሕፃኑን አይመለከተውም። ብዙ ቤት የሚያስቸግረው ዕቃው መነካካቱ ነው፤ ለልጁ ለብቻው ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይያዙለት።

ደብረ ማርቆስ፦ ማርስ?

መልስ፦ ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ የጎጃም ማር ቢሆንም።