በአርኤም የጠፋ ፎልደር ይመለሳል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «ኡቡንቱ ላይ የመመረቂያ ሥራዬን ፎልደር በአርኤም አጠፋሁት፣ ትራሽ ውስጥም የለም» ብለሃል። አርኤም ኡቡንቱን በመሰለ ሊኑክስ ላይ ትራሽ ውስጥ ሳያስገባ ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ ነው። እኔም ላይ ደርሷል። የፎልደሩን ስም ጽፌ «ሁሉንም» የምትለውን ኮከብ (*) ሳስከትል መሃል ላይ አንዲት ስፔስ ገባች፤ በቃ፣ ያለሁበት ፎልደር በሙሉ ተጠረገ። 32 የቃለ መጠይቅ ድምፅ።

1. ላፕቶፑን አጥፋው። ይህንንም በስልክህ አንብበው፤ ብሮውዘሩ ራሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። አርኤም ቦታውን ነፃ ነው ይላል እንጂ ዳታውን አይፍቀውም፤ የሚያጠፋው በላዩ የሚጻፍበት ነገር ነው።

2. ጥገና ቤት አትውሰደው! እኔ ወስጄ ነው ጉድ የሆንኩት። ልጁ «ሊኑክስ ምን ያደርግልሃል» ብሎ ሳቀብኝ፤ መልስ ሳልሰጠው ላፕቶፑን አስነስቶ የማዳኛ ፕሮግራሙን እዚያው የኔው ዲስክ ላይ ጫነው። አስበው፣ የጠፋው ባለበት ላይ! ከዚያ «የለም» ብሎኝ የማያ ብሎ 1500 ብር ተቀበለኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

3. ቤቴ ገብቼ ራሴ ሞከርኩ። ከፍላሽ ኡቡንቱ አስነሳሁ፤ ዲስኬን ማውንት ሳላደርግ (ምንም እንዳይጻፍበት ሳልከፍተው ማለት ነው) ዲዲሬስኪዩ በሚባል የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ተዋስኩት ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪዬ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ደግነቱ ማፕ ፋይሉን (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን) ኤክስተርናሉ ላይ አስቀምጬው ስለነበር መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ፍላሹ ላይ ትቼው ቢሆን ከዜሮ ነበር።

ከዚያ ቅጂው ላይ ኤክስትአንዲሊት የሚባል የጠፋ ፋይል መመለሻ ሞከርኩ፣ ምንም። ፎቶሬክ የሚባለው ሌላው ግን አወጣው። ፎቶሬክ ፋይሉን በቅርጹ እንጂ በስሙ አይፈልግም፤ ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ቁጥር ብቻ ስም የሆነው ፋይል ይደፋብሃል። ሁለት ሳምንት በጆሮ ማዳመጫ ለየሁት። የአንዷን እናት ቅጂ ያወቅኩት ድምፃቸው ሳይሰማ፣ ከጀርባ ቡና ሲወቀጥ በሙቀጫው ነው። 27ቱን አገኘሁ። አምስቱ የዚያ ልጅ ፕሮግራም ሥር ቀርተዋል ብዬ ነው የማምነው።

የኔ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነበር። ያንተ አዲሱ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ ከሆነ ፍጠን፤ ኡቡንቱ በየሳምንቱ ትሪም ያደርጋል (ነፃ የሆነውን ቦታ እንዲያጸዳው ለዲስኩ ይነግረዋል)፣ ከዚያ በኋላ ፎቶሬክም የሚያገኘው የለም።

ረስቼው፦ ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም አሁንም እየሠራ ከሆነ ቁጥር 1ን ተወው፣ እንዳትዘጋው። ፕሮክ (/proc) በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ በፕሮግራሙ ቁጥር ሥር ኤፍዲ (fd) የሚባለውን ፎልደር ክፈት፤ ፋይሉ «ዲሊትድ» ተብሎ እዚያ ይታይሃል፣ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርገው።