ኦሊምፒክ ፓርክ በሁለት ቀን፣ ከልጆች ጋር

ሰላም እህቴ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ካለችው ሲያትል ተነስተን በሁለት ቀን የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክን ጫካና ባሕር ከልጆች ጋር ማየት እንችላለን ወይ ብለሻል። ትችላላችሁ፤ ግን ሁሉን ለማዳረስ አትሞክሩ። የሆህ ጫካና ሪያልቶ ቢች የሚባለው የባሕር ዳርቻ ይበቋችኋል። ማደሪያ ፎርክስ ከተማ ያዙ፣ ለሁለቱም ይቀርባል።

ሆህ በዓመት 3.5 ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል፤ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ለብሶ ታያላችሁ። በጁላይና ኦገስት ፓርኪንግ ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ። የሆል ኦፍ ሞስስ የእግር መንገድ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ልጆች አይከብዳቸውም። ሩዝቬልት ኤልክ የሚባሉትን ግዙፍ አጋዘኖች ካገኛችሁ ቢያንስ 46 ሜትር ራቁ። በተለይ ሴፕቴምበር ላይ ወንዶቹ ቁጡ ናቸው።

የኔ ትልቁ ምክር ስለ ባሕሩ ነው። ሪያልቶ ላይ ሆል ኢን ዘ ዎል የሚባለውን የተቦረቦረ አለት ለማየት፣ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት አይታችሁ ሂዱ። ያኔ ኮከብ ዓሣ በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ውሃው መመለስ ሳይጀምር ውጡ። ልጆቹ ዳር በወደቁት ግንዶች ላይ እንዳይወጡ አደራ! ማዕበል ግንዱን አንስቶ ሰው ይገድላል። ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም፤ ካርታውንና የውሃውን ሰዓት ከፎርክስ ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።