ስለ ብላክስቶን መሥራቾች፦ ሚኒስትር ወይስ የባንክ ሰው?

ብላክስቶን የተባለውን የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ስለመሠረቱት ስለ ፒተር ፒተርሰንና ስቲቨን ሽዋርዝማን ስትጽፍ፣ ፒተርሰን አንድ ቦታ ሚኒስትር፣ ሌላ ቦታ የባንክ ሰው ተብሎ አንብበህ የትኛው ልክ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፒተር ፒተርሰን ሚኒስትርም፣ የባንክ አለቃም ነበር። ግራ ያጋባህ ቅደም ተከተሉ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)

1. ፒተርሰን መጀመሪያ ቤል ኤንድ ሀውል የተባለውን የካሜራ አምራች መራ። ከዚያ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን፣ ከ1972 እስከ 1973፣ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሆነ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ (ኩባንያዎችን የሚያማክርና ገንዘብ የሚያሰባስብላቸው) የገባው ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ ሊቀመንበር ነበር፤ 1983 ላይ በውስጥ የሥልጣን ሽኩቻ ወጣ።

2. ስቲቨን ሽዋርዝማን ግን እዚያው ሌማን ያደገ ሰው ነው። 1972 ከሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርቱን ጨርሶ ገባ። በኋላም የኩባንያዎችን ግዢና ውህደት የሚያስተናግደውን ክፍል መራ።

1985 ላይ ሁለቱ በ400,000 ዶላር ብላክስቶንን ከፈቱ። መጀመሪያ የኖሩት በማማከር ክፍያ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ፈንድ (ከባለሀብቶች ለኢንቨስትመንት የሚሰበሰብ ገንዘብ) ሰብስበው የጨረሱት 1987 ነው፤ እሱም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በኔ እይታ ጥምረቱን ያሠራው የፒተርሰን ትውውቅና የሽዋርዝማን የድርድር ችሎታ ነው። ጽሑፍህን እዚህ ላይ ብታሰፋው ይሻላል። ደግሞ ሌማን የኢንቨስትመንት ባንክ እንደነበር ጥቀስ፤ አለበለዚያ አንባቢህ ቁጠባ የሚቀበል ቅርንጫፍ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሳይ ብላክስቶንና ብላክሮክ ሲምታቱ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የሌሎችን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ብላክሮክ 1988 በብላክስቶን ጥላ ሥር ተጀምሮ በኋላ የተለየ ድርጅት ነው። ዋናው መሥራቹ ላሪ ፊንክም የመጣው ፈርስት ቦስተን ከተባለ ሌላ የኢንቨስትመንት ባንክ እንጂ ከሌማን አይደለም።