መልስ፦ በ2ኛው ቀን «ደህና ነው» ስላለው የፊት ነርቭ ምርመራ

እህቴ፣ ወንድምሽ ከመኪና አደጋው በኋላ በ2ኛው ቀን በኤሌክትሪክ ተመርምሮ «ነርቩ ደህና ነው» ተባለ፣ ፊቱ ግን እስካሁን አልንቀሳቀስ አለ ብለሻል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተቸኮለው ቀኑ ላይ ነው። የተቆረጠ ነርቭ እንኳ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል እስከ 3 ቀን ገደማ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ በ2ኛው ቀን ከጆሮ ስር በኤሌክትሪክ ሲነካ ጡንቻው ዘለል ይላል፣ ነርቩም ደህና ይመስላል።

አደጋው 3 ሳምንት ካልሞላው ቶሎ ይደገምለት። የሁለቱን ጉንጭ ምላሽ ያወዳድራሉ፤ የተጎዳው ጎን ምላሽ የጤነኛውን 10 በመቶ እንኳ ካልሞላ ያሳስባል፣ ቀዶ ጥገናም ሊነሳ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በመርፌ የሚሰራውን የጡንቻ ምርመራ ጠይቂ። ትንሽ ያማል፣ ግን ነርቩ ማገገም ሲጀምር ፊቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ወራት ይፈጃል። ዓይኑ አልከደን ካለ ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት አይለየው።