አጎትሽ ካሜራውን ከመላኩ በፊት

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ልቤ ያለው ግን የሙዚቃ ክሊፕ ዳይሬክተር መሆን ላይ ነው። አሜሪካ ያለው አጎቴ ካሜራ ሊልክልኝ ተስማምቶ የትኛውን እንደምፈልግ እየጠየቀኝ ነው። የትኛውን ልበለው? ትምህርቴን ላቋርጥ ወይስ ልጨርስ? ለመማር የሚጠቅሙኝ ታላላቅ ክሊፖችስ የትኞቹ ናቸው?»

ውድ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ክሊፖቹን በደንብ ካየሻቸው የካሜራውም የትምህርቱም መልስ ከውስጣቸው ይወጣል። ስትፈልጊያቸው እንዲቀልሽ የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

የኩዊን ባንድ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ኤልስትሪ በተባለ ስቱዲዮ በአራት ሰዓት ገደማ ተቀርጾ ያለቀ ነው። ዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ ይባላል። ፊታቸው እንደ ማር እንጀራ ሲባዛ የምታዪው ሌንሱ ፊት ልዩ ቅርጽ ያለው መስታወት ስለተደረገ ነው። ፊቱ እየተከታተለ ወደ ጥልቁ ሲሄድ የሚታየው ደግሞ ካሜራው የራሱን ምስል ወደሚያሳየው ስክሪን ስለዞረ ነው። ሁለቱም እዚያው ቀረጻው ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በኤዲቲንግ የተጨመሩ አይደሉም። ስልክሽ ምስል በኬብል ወደ ቴሌቪዥን ማውጣት የሚችል ከሆነ ዛሬ ማታ አገናኝተሽ ካሜራውን ከፍተሽ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሪው። ያንኑ ምስል ታገኛለሽ።

የአ-ሃ ባንድ «ቴክ ኦን ሚ» (1985፣ ዳይሬክተር ስቲቭ ባሮን) መጀመሪያ ሌላ ተራ ክሊፕ ነበረው፤ ዘፈኑም በዚያ ክሊፕ አልተሳካም። በሁለተኛው ላይ በእውነተኛ ሰው የተቀረጸው ምስል እየታየ ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት እያንዳንዱ ነጠላ ምስል ማለት ነው) በእርሳስ ተሣለ። 3,000 ያህል ፍሬም ነው፤ 16 ሳምንት ወሰደ። አንድ የ5 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 7,500 ፍሬም አለው፤ እነሱ ታሪኩ በሚፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሣሉት። የፒተር ጋብርኤል «ስሌጅሀመር» (1986) በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ዘፋኙ መስታወት ስር 16 ሰዓት ተኝቶ ፍሬም በፍሬም ተቀርጿል። በ1987 ከአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ከኤም ቲቪ 9 ሽልማት ያስገኘው ያ ትዕግሥት ነው።

አሁን ተቃራኒውን እዪ። የሺኔድ ኦኮነር «ነቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» (1990፣ ጆን ሜይበሪ) በአብዛኛው አንድ ፊት ነው። ፓሪስ ውስጥ ስትራመድ የተቀረጸም አለ፤ ክሊፑን የያዘው ግን ፊቷ ነው፤ እንባዋም በእቅድ የመጣ አይደለም። እዚህ ላይ የዳይሬክተሩ ሥራ ሾቱን (ሳይቋረጥ የተቀረጸውን ምስል) አለመቁረጥ ነበር። ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለሆነ ደጋግመሽ እዪው። በአገራችን ትዝታ ሲዘፈን ተመልካች የሚፈልገው ፊቱን ሆኖ ሳለ፣ በየሁለት ሰከንዱ ወደ ሐይቅ፣ ወደ አበባ፣ ወደ መኪና የሚዘል ክሊፕ ዜማውን ይበትነዋል።

የጃሚሮኳይ «ቨርቹዋል ኢንሳኒቲ» (1996፣ ጆናታን ግሌዘር) ወለሉ የሚንሸራተት ይመስላል። ወለሉ ግን አይንቀሳቀስም፤ የሚገፉት ግድግዳዎቹ ናቸው፣ ካሜራውም አብሯቸው ይሄዳል። የኦኬ ጎ ባንድ አባላት በ2006 በ8 የመሮጫ ማሽን ላይ ሳይቆረጥ በአንድ ሾት ጨፈሩ። የቢዮንሴ «ሲንግል ሌዲስ» (2008) ሦስት ሴቶችና ባዶ ጀርባ ነው፣ በጥቁርና ነጭ። የቻይልዲሽ ጋምቢኖ «ዚስ ኢዝ አሜሪካ» (2018፣ ሂሮ ሙራይ) ከፊት ጭፈራ ከኋላ ሁከት አስቀምጦ ዓይንሽን ያታልላል፤ መጀመሪያ እንደፈለግሽ፣ ቀጥሎ ጀርባውን ብቻ እያየሽ ተመልከቺው። በእኛ በኩል የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የዓድዋን ጦርነት ይዞ መጣ። እሱን ስታዪ ልብሱን፣ ሰልፉን፣ የሰዉን ብዛት ቁጠሪ፤ እያንዳንዱ ሰው ትራንስፖርት፣ ምሳና ልብስ የሚፈልግ መሆኑን አስቢ።

እነዚህ ሁሉ በተመልካች ዘንድ የቀሩት በአንድ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ «ግድግዳው ይንቀሳቀሳል»፣ «ፊቷን ብቻ እናያለን»፣ «ሥዕሉ ሰው ይሆናል»። የቀረው የልምምድ፣ የጉልበትና የሰዓት ጉዳይ ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በካሜራው ዋጋ የታወሰ አንድም የለም። ስለዚህ ካሜራ መግዛትን ወደ ኋላ አቆዪው።

ክሊፖቹን የምታዪበት መንገድም እንደ ተራ ተመልካች አይሁን። አንዱን ክሊፕ ድምፁን ዝጊና ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሪ፦ ሰከንዱ፣ ሾቱ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ፣ ካሜራው ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ከዚህኛው ሾት ወደ ቀጣዩ ለምን ተቆረጠ። ከዚያ ድምፁን ከፍተሽ እያንዳንዱ ቅያሬ በከበሮው ላይ፣ በግጥሙ ላይ ወይስ ከዜማው ውጭ መሆኑን ምልክት አድርጊ። አንድ ክሊፕ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜና እሑድ አንዳንድ ብትሠሪ በአምስት ሳምንት 10 ይሞላል። ግማሾቹ የአገር ውስጥ ይሁኑ፤ ምክንያቱም ከውጭዎቹ የማትማሪያቸው ነገሮች አሉ።

አንዱ እስክስታ ነው። የእስክስታ ነፍስ ትከሻና አንገት ላይ ስለሆነ ሾቱ ቢያንስ ከወገብ በላይ ሙሉውን መያዝ አለበት፤ ፊት ላይ ተጠግተሽ ትከሻውን ከቆረጥሽው የቀረው የሚወዛወዝ ጭንቅላት ብቻ ነው። ስሎው ሞሽንም አታድርጊበት፤ የትከሻው ምት ከከበሮው ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት ይጠፋል። ሌላው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው። ካሜራው ኦቶ ላይ ከሆነ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ የዘፋኟ ፊት ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) በእጅሽ ፊቷ ላይ አስተካክዪ፤ ጥበቡ እየነጣ ዝርዝሩ ከጠፋ ደግሞ ከፀሐይ ወደ ጥላ አስገቢያት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ከአናት ወርዳ የዓይን ጉድጓድን ታጨልማለች። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30፣ ማታ ደግሞ ከ10:30 በኋላ ነው።

መለማመጃሽን ሩቅ አትፈልጊ። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ የአንበሳው ሐውልትና አሮጌው ባቡር ጣቢያ አሉ። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ የጠዋቷ ፀሐይ ከጎን ትመታለች፤ ለሚራመድ ሰው ፊት የምትመረጠው እሷ ናት። እሑድ ማለዳ ጓደኛሽን ይዘሽ በስልክሽ አንድ ሾት ብቻ ሳትቆርጪ ሞክሪ። በስልክም ቢሆን ግን ከመንግሥት ሕንፃ፣ ከኤምባሲና ከባንክ ፊት ለፊት አትቅረጪ። ቡድንና ትራይፖድ ይዘሽ መንገድ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ከክፍለ ከተማው ወይም ከሚመለከተው አካል የፈቃድ ደብዳቤ አስቀድመሽ ያዢ፤ በደብዳቤ እጦት ቀኑን ሙሉ የሚቆም ቀረጻ ብዙ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ በፍጹም አታስነሺ።

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ፕሌይባኩ ነው። ቀረጻ ላይ የሚከፈተው ዘፈን ማስተር የተደረገው የመጨረሻው ቅጂ መሆኑን ከስቱዲዮው በጽሑፍ አረጋግጪ። አቀናባሪው ከቀረጻ በኋላ ፍጥነቱን በጥቂቱ እንኳ ቢቀይረው ከንፈርና ድምፅ አይገናኙም፣ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ እንደገና መቅረጽ ይሆናል። ስፒከሩን ከዘፋኙ አጠገብ አድርጊው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 30 ሜትር ርቆ የቆመ ዘፋኝ ከሁለት ፍሬም በላይ ዘግይቶ ይሰማል፤ በሩቅ ሾት ላይ ከንፈሩ የሚጎተት የሚመስለው ለዚህ ነው። ስትዘፍን በስሎው ሞሽን ልታሳያት ከፈለግሽ በ50 ፍሬም ቅረጪና ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቺላት፤ ኤዲቲንግ ላይ ወደ 25 ሲወርድ ከንፈሯ በትክክል ይገጥማል። በፈጣን ዘፈን ግን ይህ አይሆንም፣ ግጥሙን ለመከተል ምላስ አይደርስም።

በመብራት ስር የሚታየው የሚሮጥ ጥላም ሌላ የተለመደ ችግር ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። ከአሜሪካ የሚመጣ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው አገር አሠራር ተስተካክሎ ስለሚመጣ በሰከንድ 30 ወይም 60 ፍሬም ላይ ነው። ካፌ ወይም አዳራሽ ውስጥ ስትቀርጪ ምስሉ ላይ የጨለማ መስመር ይመላለሳል፤ በትንሿ ስክሪን ስለማይታይ ቤት ገብተሽ ነው የምታውቂው። ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ወደ ፓል (PAL፣ ለ50 ኸርዝ አገሮች የሚስማማው አሠራር) ቀይሪው፣ 25 ፍሬም ላይ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) የሰከንድ 1/50 አድርጊ። በስልክ በ30 የምትቀርጪ ቢሆን እንኳ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ብትቆልፊው መስመሩ ይጠፋል።

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ይህን የምለው ለቤተሰብ ደስታ ብዬ አይደለም፤ ሙያው ራሱ አካውንታንት ስለሚፈልግ ነው። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» (1983፣ ጆን ላንዲስ) 14 ደቂቃ ያህል ነው። የሪከርድ ኩባንያው ሙሉ ወጪውን ለመሸፈን ባለመፈለጉ ገንዘቡ የተገኘው ቀረጻው ሲካሄድ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስቀድሞ በመሸጡ ነው። በ2009 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚያስጠብቃቸው ፊልሞች መዝገብ የገባ የመጀመሪያው የሙዚቃ ክሊፕ የሆነውም እሱ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ካሜራ የሚይዝ ሰው ሞልቷል፤ የቀረጻ በጀት በትክክል ሠርቶ ደረሰኝ ሰብስቦ ሒሳብ የሚዘጋ ግን ጥቂት ነው። ወደ አንድ ፕሮዳክሽን ቤት ስትሄጂ «ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ» ከምትዪ «በቀረጻ ቀን ወጪ እመዘግባለሁ፣ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ አወርዳለሁ» በያቸው። ካርድ ማውረድ ትንሽ ሥራ አይደለም፦ እያንዳንዱን ካርድ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ገልብጠሽ፣ ፋይሎቹን ከፍተሽ ሳታዪ ካርዱ አይጠረግም። እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ዳይሬክተሩ የጣለውንም የመረጠውንም ሁሉ ያያል። የሰርግ ቀረጻንም አትናቂ፤ ድገሙልኝ ማለት በማይቻልበት ቦታ ትክክለኛው ጥግ ላይ አስቀድሞ መቆም የሚለመደው እዚያ ነው።

የራስሽን የመጀመሪያ ክሊፕ ስታዘጋጂ ለአንድ የ5 ደቂቃ ዘፈን አንድ ሎኬሽን ላይ 10 ጊዜ ሙሉውን አዘፍኚ፦ ሁለቴ ከሩቅ፣ ሦስቴ ከመካከል፣ ሦስቴ ከቅርብ፣ ሁለቴ ካሜራው እየተንቀሳቀሰ። ማስተካከያውን ጨምሮ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ ቢወስድ ሁለት ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ ብርሃን ከዚያ በላይ አይጠብቅሽም። ስለዚህ በቀን ሁለት ሎኬሽን፣ አንዱ ጠዋት አንዱ ማታ። ከጠቅላላው በጀት አሥር ከመቶ ለመጠባበቂያ ያዢ፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ዝናብ ሲመጣ ከዚያ ላይ ነው የምታወጪው።

ውል ሳትፈራረሚ አትቅረጪ፣ ለጓደኛሽም ቢሆን። ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ክሊፑን ከማስረከብሽ በፊት ተቀበዪ። ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ (ሁለት ይበቃል)፣ ያልተቀናበረው ምስል የማን እንደሆነ፣ ክሊፑን በየትኛው ቻናል ማን እንደሚለቀው ይጻፍ። ዘፋኙ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን የጽሑፍ ስምምነት እንዲያሳይሽ ጠይቂ። መብታቸው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ ክርክር ተነሥቶ ክሊፑ ከዩቲዩብ ከወረደ ያንቺም ድካም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ አጎትሽ። ካሜራውን ትቶ ላፕቶፕ እንዲልክልሽ ጻፊለት፦ ራም 32 ጊጋባይት፣ የራሱ 8 ጊጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራባይት ኤስ ኤስ ዲ፤ ከዚያ በተጨማሪ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚሞላ ከዚህ ያነሰ አይበቃሽም። ለኤዲቲንጉ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ሶፍትዌር ነጻ እትም አለው። ካሜራ ለቀረጻ ቀን ይከራዩታል፤ ላፕቶፕ ግን በየሌሊቱ ያስፈልጋል። ላይት ልጨምርልሽ ካለ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይቶ ይግዛ፤ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራው እዚህ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል።